ዋይፐር፦ የአንድ ክንድ ጎማ ረጅም ታሪክ

ሰኔ ግም ሲል ገበሬው ሞፈርና ቀንበሩን ይፈትሻል። የከተማው ሾፌር ደግሞ ዋይፐሩን ያስታውሳል። «ያስታውሳል» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። የበልጉ ዝናብ አንድ ሁለቴ ካልነካካው በቀር፣ ከመስከረም ማብቂያ እስከ ግንቦት ዋይፐር የሚባል ነገር መኪናው ላይ መኖሩን ማን ልብ ይላል? ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ፣ አቧራ ጠጥቶ፣ ደርቆ ይከርማል። ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ይቀደድና ሾፌሩ ማብሪያውን ይነካዋል። ዋይፐሩ እየጮኸ ይነሳል፤ በበጋው የተጠራቀመውን አቧራ መስታወቱ ላይ እንደ ጭቃ ይለስነዋል፤ ተመልሶ ይተኛል።

በማግስቱ መለዋወጫ ሱቅ በር ላይ የሚሰማው ንግግር መርካቶም ሆነ ሌላ ሰፈር ያው ነው።

«ዋይፐር አለህ ወንድሜ?»

«የምን?»

«የቪትዝ።»

«የስንት ሞዴል? የሾፌሩ ነው የጋቢናው?»

«የሾፌሩ። እንዲያውም ያለቀው ጎማው ብቻ ነው። ጎማውን ብቻ አትሸጥልኝም?»

«ጎማ ለብቻው የለም። ከነብረቱ ነው።»

መኪና ኖሮት ይቺን «ከነብረቱ ነው» ያልሰማ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። ያለቀችው ከጣት የቀጠነች ጎማ ናት፤ የምንከፍለው ግን ለብረቱም፣ ለፕላስቲኩም፣ ለመጋጠሚያውም፣ ፎቶ ለታተመበት ካርቶንም ጭምር ነው። አምራቾቹ ደግሞ ከ6 ወር እስከ አንድ ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ቀይሩ ይላሉ። ምክራቸውን የሚሰማ ሰው በየዓመቱ ደህና የሆነ ብረት ይጥላል ማለት ነው። የማይሰማው ደግሞ ሳያይ ይነዳል። ከሁለቱ የትኛው እንደሚበዛ በክረምት ታክሲ የተሳፈረ ሁሉ ያውቀዋል።

ስለ ዋይፐር ደግሞ ምን ይጻፋል ትሉ ይሆናል። ብዙ ይጻፋል። «ከነብረቱ ነው» የሚለው መልስ የባለሱቁ ክፋት አይደለም፤ ከ120 ዓመት በላይ የሆነው ታሪክ ውጤት ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት ነገሮች ደጋግመው ይመጣሉ። አንደኛ፣ ችግሩን ያየው ሰውና ገንዘቡን የሰበሰበው ሰው አንድ የሚሆኑት ከስንት አንዴ ነው። ሁለተኛ፣ ገንዘቡ ጎማው ላይ የተቀመጠበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ያለው በጎማው ዙሪያ ባለው ብረትና ወረቀት ላይ ነው። እስቲ ከመጀመሪያው እንነሳ። (ዓመታቱን ሁሉ የጻፍኩት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።)

መስኮቱን ከፍቶ የሚነዳው ሰው

ታሪኩ የሚጀምረው ኒውዮርክ ከተማ ውስጥ ነው፤ ዘመኑ ከ1902 ወደ 1903 የሚያሻግረው የብርድ ወቅት። ሜሪ አንደርሰን የምትባል የአላባማ ሴት ከተማዋን ልትጎበኝ መጥታ በሐዲድ ላይ የሚሄደውን የከተማ ትራም ተሳፍራለች። በረዶ የተቀላቀለበት ዝናብ ይጥላል። የትራሙ ነጂ በመስታወቱ ማየት ስላቃተው የፊት መስኮቱን ከፍቶ ይነዳል። ብርዱ እሱንም ተሳፋሪውንም ይገርፋል። በወቅቱ ይህ የተለመደ ነበር። ዝናብ ከጣለ ነጂው ወይ መስኮት ይከፍታል፣ ወይ ወርዶ በጨርቅ ይጠርጋል፣ ወይ በግምት ይሄዳል።

አንደርሰን በ1866 የተወለደች፣ በርሚንግሃም በተባለችው የአላባማ ከተማ የሚከራይ ሕንፃ ያስገነባች ሴት ነበረች። መሐንዲስ አልነበረችም። ወደ አገሯ ስትመለስ ግን ሐሳቧን በሥዕል አስነድፋ ለመንግሥት አመለከተች፤ ኖቬምበር 10 ቀን 1903 የፈጠራ ባለቤትነት መብት ቁጥር 743,801 ተሰጣት። መሣሪያው ቀላል ነው። ነጂው ከውስጥ ሆኖ በእጁ የሚያንቀሳቅሰው ዘንግ አለ፤ ዘንጉ ከውጭ ያለውን ባለጎማ ክንድ መስታወቱ ላይ ወዲያና ወዲህ ይወስደዋል። ክንዱ መስታወቱን እንዳይለቅ የሚጫነው ነገርም አስባለታለች።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። አንደርሰን መሣሪያውን የሠራችው በደረቁ ወቅት ተነቅሎ እንዲቀመጥ አድርጋ ነው። ዝናብ ሲመጣ ይገጠማል፣ ሲሄድ ይነቀላል። የእኛን ስምንት ወር ፀሐይ ያየ ሰው ይህ ሐሳብ ምን ያህል ብልህነት እንዳለበት ይገባዋል።

ከዚያስ? በ1905 መብቷን ለአንድ የካናዳ ድርጅት ልትሸጥ ብትጠይቅ፣ የንግድ ዋጋው ለገበያ የሚያበቃው አይደለም የሚል መልስ መጣላት። ያኔ መኪና ራሱ የጥቂት ሀብታሞች ዕቃ ነበር፤ ብዙዎቹ መኪኖችም የፊት መስታወት እንኳ አልነበራቸውም። ለነገሩ አጼ ምኒልክ የመጀመሪያዋን መኪና የተረከቡት በዚያው ሰሞን ነው፤ በ1907 እንግሊዛዊው ቤንትሌይ ከጅቡቲ ተነስቶ አዲስ አበባ ድረስ ነድቶ ያመጣላቸው። የፎርድ ሞዴል ቲ በ1908 ወጣ፤ መኪና የብዙኃን ሆነ። የአንደርሰን መብት ግን የ17 ዓመት ዕድሜ ብቻ ነበረውና በ1920 አለቀ። ካዲላክ ዋይፐርን በመኪኖቹ ሁሉ ላይ መግጠም የጀመረው በ1922 ነው። ሁለት ዓመት ዘግይቶ!

አንደርሰን በ1953፣ በ87 ዓመቷ አረፈች። ከፈጠራዋ አንዲት ሳንቲም አላገኘችም። ስሟ በአሜሪካ ብሔራዊ የፈጣሪዎች የክብር መዝገብ ላይ የሰፈረው በ2011 ነው።

ከዋንጫ ጨዋታ ሲመለስ

ለኳስ ወዳጆች ደግሞ ይቺን እነሆ። ኤፕሪል 1908 ኒውካስል ዩናይትድ ለእንግሊዝ ኤፍ ኤ ካፕ ፍጻሜ ደርሶ ለንደን በሚገኘው ክሪስታል ፓላስ ሜዳ ከወልቨርሃምፕተን ጋር ገጠመ። 3 ለ 1 ተሸነፈ። ከደጋፊዎቹ አንዱ ግላድስተን አዳምስ የተባለ ፎቶግራፍ አንሺ ሲሆን ቡድኑን ለማየት የመጣው በመኪና ነበር። ወደ ሰሜን ሲመለስ በረዶ ጣለ። መንገዱን በሙሉ እየቆመ መስታወቱን መጥረግ ሆነበት። ሽንፈቱ ሳያንስ ይህ ተጨመረ።

አዳምስ ቤቱ ገብቶ የራሱን መጥረጊያ ነደፈ፤ በ1911 የባለቤትነት መብት አወጣበት። እሱንም ቢሆን ሐሳቡን ይዞ የሚያመርትለት የመኪና ፋብሪካ አላገኘም። ስለ አንደርሰን ባያውቅም በሌላ አህጉር ያንኑ ችግር አይቶ፣ ያንኑ መልስ አግኝቶ፣ ባዶ እጁን ነው የቀረው።

እዚህ ላይ «ለምን?» ማለት ይገባል። ሁለቱም ያዩት ችግር እውነተኛ ነበር። ግን ፋብሪካው የሚሸጠው መኪና እንጂ እይታ አይደለም። ገዢው መኪና ሲመርጥ ቀለሙን፣ ሞተሩን፣ ወንበሩን ያያል። ዋይፐርን አይቶ መኪና የሚገዛ ሰው ያኔም አልነበረም፣ ዛሬም የለም። ስለዚህ ዋይፐር ሁልጊዜ «በኋላ ይደርሳል» የሚባል ዕቃ ሆኖ ቀረ፤ አንድ ነገር እስኪደርስ ድረስ።

ብስክሌተኛው

የደረሰው ነገር በ1917 ገደማ ነው፤ ቦታው ቡፋሎ፣ ኒውዮርክ። የቲያትር ቤት ሥራ አስኪያጅ የነበረው ጆን ኦይሼይ ዝናብ በሚጥልበት ሌሊት ሲነዳ አንድ ብስክሌተኛ ገጨ። ብስክሌተኛው ክፉኛ አልተጎዳም። ኦይሼይ ግን ነገሩ ከአእምሮው አልወጣለትም። ሰውየው ፊት ለፊቱ ነበር፤ እሱ ግን አላየውም።

ኦይሼይ ራሱ የፈለሰፈው ነገር አልነበረም። አንድ የከተማው ሰው የሠራውን በእጅ የሚያዝ መጥረጊያ አገኘና ማምረት ጀመረ። የዘመኑ የፊት መስታወት ላይና ታች ሆኖ ለሁለት የተከፈለ ስለነበር፣ በመሐል ባለው ክፍተት ጎማውን አሾልኮ በእጅ ወዲያና ወዲህ ማንሸራተት ይቻል ነበር። «ሬይን ራበር» ይሉታል፤ የዝናብ ጎማ። ድርጅቱ ኋላ ላይ ትሪኮ ተባለና በዓለም ትልልቅ ከሚባሉት የዋይፐር አምራቾች አንዱ ሆነ።

ከላይ ችግሩን ያየውና ገንዘቡን የሰበሰበው አንድ የሚሆኑት ከስንት አንዴ ነው ብዬ ነበር። ኦይሼይ ያ አንዴ ነው። ምሥጢሩም እሱ ከአንደርሰን የበለጠ ማሰቡ አልነበረም፤ የራሱን ፋብሪካ መክፈቱና መኪና በየቤቱ በገባበት ሰዓት መድረሱ ነው።

እጅ ግን ይደክማል፤ አንድ እጅ ለመሪ፣ አንድ እጅ ለማርሽ፣ ሌላ ሦስተኛ እጅ ለዋይፐር ከየት ይመጣል? በ1917 ሻርሎት ብሪጅውድ የተባለች ሴት በኤሌክትሪክ የሚሠራ የመስታወት ማጽጃ የባለቤትነት መብት አወጣች። እሷም ገንዘብ አላገኘችበትም። ገበያውን ለረጅም ዓመታት የያዘው ሌላ ዘዴ ነበር፦ ሞተሩ አየር ሲስብ የሚፈጥረውን የመሳብ ኃይል በቱቦ ወስዶ ዋይፐሩን ማንቀሳቀስ። ርካሽ ነው፣ ኤሌክትሪክ አይፈልግም። ችግሩ አንድ ነው። ነዳጅ ስትረግጡ ወይም ዳገት ስትወጡ ያ የመሳብ ኃይል ስለሚወርድ ዋይፐሩ ይዝላል፣ አንዳንዴም ቀጥ ይላል። እንጦጦን ሽቅብ በሐምሌ ዝናብ እየወጣችሁ፣ ማየት በጣም በሚያስፈልጋችሁ ሰዓት ዋይፐሩ ሲያንቀላፋ አስቡት። ቦሽ የኤሌክትሪክ ዋይፐር በ1926 ያወጣ ቢሆንም፣ አንዳንድ የአሜሪካ መኪኖች ያንን የሚያንቀላፋ ዋይፐር እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ይዘው ቆይተዋል። ርካሽ ስለነበር።

ብረቱ ከየት መጣ?

አሁን ወደ «ከነብረቱ» ተጠጋን። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የመኪና የፊት መስታወት እንደ ቤት መስኮት ቀጥ ያለ ነበር። ቀጥ ያለ መስታወት ላይ ቀጥ ያለ ጎማ ይበቃል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን ፋብሪካዎች መስታወቱን እያጎበጡ መሥራት ጀመሩ። መኪናው አማረ፤ ዋይፐሩ ተቸገረ። ቀጥ ያለ ጎማ ጎባጣ መስታወት ላይ ስታስቀምጡት መሐሉ ይነካል፣ ጫፎቹ አየር ላይ ይቀራሉ፤ ወይም ተቃራኒው ይሆናል።

መፍትሔው ሁላችንም የምናውቀው ያ እንደ ጎድን አጥንት የተገጣጠመ ብረት ነው። አንድ ትልቅ ቀስት ሁለት ትንንሽ ቀስቶችን ይይዛል፤ እነሱ ደግሞ ጎማውን በየቦታው ይይዙታል። በክንዱ ውስጥ ያለው ሞላ አንድ ቦታ ላይ ሲጫን፣ ቀስቶቹ ጫናውን ተከፋፍለው ለጎማው ርዝመት ሁሉ ያዳርሱታል። በሬ የለመደ ሰው ቀንበርን ያስብ፤ አንዱ ሸክም በብዙ ትከሻ ይከፋፈላል።

ጎማው ሥራውን የሚሠራው በቀጭን ከንፈሩ ነው። ክንዱ ወደ ቀኝ ሲሄድ ከንፈሩ ወደ ግራ ያዘነብላል፤ ሲመለስ ተገልብጦ ወደ ቀኝ። መስታወቱን የሚጠርገው በዚያ በተዘነበለው ጠርዝ ነው። ፀሐይ ያደረቀው ጎማ ይህን መገልበጥ ያቅተዋል። ያ መንጫጫቱ፣ ያ እየዘለለ መሄዱ፣ ያ መስታወቱ ላይ የሚተወው መስመር፣ ሁሉም ከዚህ ይመጣል። ብረቱ ምንም አልሆነም። ስለዚህ ለብዙ አሥርት ዓመታት አሠራሩ ግልጽ ነበር፤ ያለቀውን ጎማ ከብረቱ ውስጥ ስቦ ማውጣት፣ አዲሱን ማስገባት። በአሜሪካ በየነዳጅ ማደያው ጎማው ለብቻው ይሸጥ ነበር።

ይቺን ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ዓይን እንደሚርገበገበው

ከዋይፐር ታሪክ ሁሉ የታወቀው የሮበርት ከርንስ ታሪክ ነው። ከርንስ የዲትሮይት ሰው፣ የምሕንድስና መምህር ነበር። በ1953 በሠርጉ ማታ ሻምፓኝ ሲከፍት ቡሹ ፈንጥሮ የግራ ዓይኑን መታው፤ ዓይኑ ብርሃኑን አጣ ማለት ይቻላል። ከአሥር ዓመት በኋላ በዝናብ ሲነዳ ዋይፐሩ ያለማቋረጥ ወዲያና ወዲህ ሲል እይታውን አወከው። ዓይን ሁልጊዜ አይርገበገብም፤ በየጥቂት ሴኮንዱ አንዴ ነው። ዋይፐርስ ለምን እንደ ዓይን ቆብ አይሆንም? ብሎ አሰበ።

የሠራው ነገር ሦስት ተራ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎችን የያዘ ነው፦ ካፓሲተር፣ ተለዋዋጭ ሬዚስተርና ትራንዚስተር። ካፓሲተሩ እንደ እንስራ ቀስ እያለ በኤሌክትሪክ ይሞላል። ሲሞላ ትራንዚስተሩ ዋይፐሩን አንድ ጊዜ ያስነሳዋል። ሬዚስተሩ የቧንቧው መክፈቻ ነው፤ አሞላሉን ታፈጥኑታላችሁ ወይም ታዘገዩታላችሁ። ካፊያ ሲሆን በየአሥር ሴኮንዱ፣ ሲጠና በየሁለት ሴኮንዱ። ለጎማውም እረፍት ነው፤ ደረቅ መስታወት ላይ መፋተግ ጎማን ከሚበሉት ነገሮች አንዱ ነውና።

ከርንስ ፈጠራውን በ1963 ለፎርድ መሐንዲሶች አሳየ። ጠየቁት፣ መረመሩት፣ ተስፋ ሰጡት፤ በኋላ አያስፈልገንም አሉት። የመጀመሪያው የባለቤትነት መብቱ በ1967 ጸደቀ። በ1969 ፎርድ የራሱን እያረፈ የሚጠርግ ዋይፐር ገበያ ላይ አዋለ። ሌሎቹም ተከተሉ። ከርንስ በ1976 የአንድ መርሴዲስ ዋይፐር መቆጣጠሪያ ፈትቶ ሲያየው የራሱን ሐሳብ ውስጡ አገኘው። አእምሮው ታወከና ሆስፒታል ገባ።

በ1978 ፎርድን፣ በ1982 ክራይስለርን ከሰሰ። የኩባንያዎቹ ክርክር ዕቃዎቹ ሁሉ ከሱ በፊት የነበሩ ናቸው፤ ምን አዲስ ነገር አለው? የሚል ነበር። እንዲህ ከሆነ በርበሬውም፣ ሽንኩርቱም፣ ቅቤውም የማንም ነው፤ ወጡ ግን የሠሪው ነው። ፍርድ ቤቱም በመጨረሻ ከርንስ መብቱ እንደተነካ ተቀበለ። ፎርድ በ1990 በስምምነት 10.2 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ። በክራይስለር ላይ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ጠበቃ፣ ከልጆቹ ጋር ሆኖ ተከራክሮ በ1992 አሸነፈ፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የኩባንያውን ይግባኝ አልሰማም ያለው በ1995 ነው። ከሁለቱ ያገኘው በድምሩ 30 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። በሌሎች የመኪና ኩባንያዎች ላይ የመሠረታቸው ክሶች ግን ቀነ ገደብ አልፎባቸው ተዘጉ።

ዋጋው ምን ነበር? ትዳሩ ፈረሰ፤ ጉልምስናው በፍርድ ቤት ደጅ አለቀ። እሱ ይፈልግ የነበረው ካሳ ሳይሆን ዋይፐሩን ራሱ ማምረት ነበር፤ ያ ዕድል ግን አምልጦት ነበር። በፌብሩዋሪ 2005 በ77 ዓመቱ አረፈ። በ2008 «ፍላሽ ኦፍ ጂኒየስ» የተባለ ፊልም ተሠራለት። ፊልሙን ያላያችሁ ፈልጋችሁ እዩት።

ዋይፐሩ ጠፍጣፋ ሲሆን

ወደ ጎማው እንመለስ። በ1999 ቦሽ «ኤሮትዊን» የተባለውን ጠፍጣፋ ዋይፐር አወጣ። ያ የጎድን አጥንት የመሰለው ብረት ቀረ። በምትኩ የመስታወቱን ጉብጠት ተከትሎ የታጠፈ ሞላ ብረት ጎማው ውስጥ ገባ። እውነቱን ለመናገር የተሻለ ዕቃ ነው። ጫናው ለጠቅላላው ርዝመት እኩል ይዳረሳል፤ በፍጥነት ስትነዱ ንፋስ አያነሳውም፤ በረዶ የሚይዝበት መገጣጠሚያ የለውም። ሌሎቹም አምራቾች ወደዚያው ዞሩ።

ነገር ግን ከዚህ ጋር ሁለት ነገሮች ተለወጡ። አንደኛው ጎማውና አካሉ ብዙ ጊዜ አንድ ሆኑ፤ ጎማውን ብቻ መሳብ አስቸጋሪ ሆነ፤ ለብቻው የሚሸጠው ጎማም ከብዙ ሱቆች መደርደሪያ ጠፋ። ሁለተኛው መጋጠሚያው ነው። ድሮ አብዛኛው ክንድ ጫፉ እንደ መንጠቆ የታጠፈ ነበር፤ አንድ ዓይነት ዋይፐር ለብዙ መኪና ይሆናል። አሁን ባለመንጠቆ አለ፣ ባለ ቁልፍ አለ፣ ከጎን የሚገባ አለ፣ በሁለት ጣት ቆንጥጠው የሚያላቅቁት አለ። ርዝመቱ ልክ ሆኖ መጋጠሚያው እምቢ ይላል። አንድ ክንድ ለማትሞላ ጎማ የመኪናውን ሞዴል፣ ዓመተ ምሕረትና የክንዱን ዓይነት ማወቅ የግድ ሆነ።

ይህ ሁሉ ግን ግዴታ እንዳልሆነ የምናውቀው ከጃፓን ነው። አዲስ አበባን በሞሉት ቶዮታዎች አገር ጎማውን ብቻ መቀየር ዛሬም የተለመደ ነው። የመኪና ዕቃ መደብር ትገባላችሁ፤ ጎማው በወርድና በርዝመቱ ተደርድሯል፤ የድሮውን ስባችሁ አዲሱን ታስገባላችሁ። መኪናው ያው መኪና ነው። የተለየው ሱቁ ምን ይዞ ይመጣል የሚለው ነው።

አዲስ አበባ ላይ

አዲስ አበባ ለዋይፐር ጎማ ክፉ ከተማ ናት። ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ጎማን ከሚያደርቁት ነገሮች ግንባር ቀደሙ ደግሞ እሱ ነው። የበጋው አቧራ ሲታከልበት ዋይፐሩ የሚያልቀው ሳይሠራ ተኝቶ ነው። ለክረምት የተገዛ ዕቃ በጋ ይገድለዋል።

ኪሳችንም አላገዘንም። በጁላይ 2024 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ሲወደድ፣ ያላስፈላጊነቱ የምንጥለው ብረትም አብሮ ተወደደ። በዚያው ዓመት መጀመሪያ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ፤ የኤሌክትሪክ መኪኖች በረከቱ። ከነሱ ጋር ደግሞ አዳዲስ መጋጠሚያዎች መጡ። የቶዮታ መንጠቆ ለለመደ ገበያ ይህ አዲስ ራስ ምታት ነው።

አሁን ይህ ገጽ አንባቢዎች መካከል መኪና ያላችሁ ስንት ናችሁ? ጥቂት። ታዲያ ነገሩ አይመለከተንም እንዳትሉ። ጨለምለም ሲል፣ ዝናብ ሲጥል፣ ከፊት የሚመጣው የመኪና መብራት የተሰነጣጠቀው ጎማ በተወው መስመር ሁሉ ላይ ይበተናል። ሾፌሩ የሚያየው ብርሃን እንጂ ሰው አይደለም። በዚያ ሰዓት ጃንጥላውን ወደ ፊት ደፍቶ መንገድ የሚያቋርጠው ማን ነው? እኔና እናንተ ነን። ዋይፐር የሚገዛው ሾፌሩ ነው፤ ዋይፐር የሚያድነው ግን አብዛኛውን ጊዜ እግረኛውን ነው። የቡፋሎው ብስክሌተኛ ዕድለኛ ነበር፤ የገጨው ሰው ነገሩን አልረሳውም።

ለዚህ ነው ዋጋው ቀላል የማይሆነው። ከፋዩ ሌላ፣ ተጠቃሚው ሌላ ሲሆን ዕቃው ሁሌም «በኋላ ይደርሳል» ይባላል። በ1905 የካናዳው ድርጅት ያለው ይህንኑ ነው። ዛሬ «ሌላ ክረምት ያደርሰኛል» የሚለው ሾፌርም እንደዚያው ነው።

እስከዚያው ድረስ

መኪና ላላችሁ፣ ወይም አባታችሁ፣ አጎታችሁ፣ ጎረቤታችሁ ላለው ሰው የምትነግሩት ጥቂት ነገር።

ጎማው አልቋል ከማለታችሁ በፊት በሳሙና ውኃና በንጹሕ ጨርቅ ጠርዙን አብሱት። ግማሹ «ያለቀ» ዋይፐር የቆሸሸ ዋይፐር ነው። ቤንዚን ግን አታስነኩት፤ ጎማውን ይበላዋል። መስታወቱንም አብራችሁ እጠቡ። ደረቅ መስታወት ላይ አቧራ ለመጥረግ ዋይፐር ማንቀሳቀስ ጎማውንም መስታወቱንም መፋቅ ነው።

ወደ ሱቅ ስትሄዱ ርዝመቱን በኢንች ለክታችሁ ያዙ። ግራና ቀኙ ብዙ ጊዜ እኩል አይደሉም፤ የሾፌሩ ረዘም ይላል። የድሮውን ዋይፐር ይዛችሁ ሂዱ፤ ትንሿን የፕላስቲክ መጋጠሚያም አትጣሉ፤ ከካርቶኑ ውስጥ የምታገኙት ካልገጠመ እሷ ታወጣችኋለች።

ስትቀይሩ ደግሞ ተጠንቀቁ። ዋይፐሩ ወልቆ ባዶ የቀረው ክንድ በሞላ የተወጠረ ብረት ነው። ከእጃችሁ ካመለጠ መስታወቱን ሊሰነጥቀው ይችላል። ከመጀመራችሁ በፊት መስታወቱ ላይ ወፍራም ጨርቅ አንጥፉ። ዋይፐር ልቀይር ብሎ የፊት መስታወት መግዛት የመጨረሻው ኪሳራ ነው።

ለነጋዴዎቻችንም አንድ ቃል። ብረት ያላቸው የድሮ ዋይፐሮች ዛሬም በከተማው ውስጥ ሞልተዋል፤ ብረታቸውም ደህና ነው። ጎማውን ብቻ በጥቅል አምጥቶ፣ በሚፈለገው ርዝመት ቆርጦ፣ እዚያው ሱቁ በር ላይ የሚያስገባ ሰው ቢገኝ ሾፌሩ በየዓመቱ ይመጣለታል። ግንቦት ላይ ቢጀምር ደግሞ ሰኔን ሰልፍ ይዞ ያገኘዋል።